የሁለተኛው ገጽ የመጨረሻ ዘፈን

የሙዚቃ ሸክላው ቅዳሜ ጠዋት በፖስታ ሲደርስ ሚስተር አክሮይድ ክራቫት ሊያስሩ ወደ ላይ ወጡ። ልጃቸው ኢኒድ ወጥ ቤት ሆና የደረጃውን ሲጥታ ስትሰማ ተመልሰው ሊተኙ መስሏት ነበር። ሲወርዱ ግን እሁድ እሁድ ለጸሎት ቤት የሚለብሱትን ሰደርያ አጥልቀው፣ ነጭ ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው፣ ክራቫታቸውን ከታመመው ጉሮሯቸው ሥር ጠበቅ አድርገው ነበር። የፊቱን ክፍል እንድትከፍት ነገሯት። ድምፃቸው ከክረምቱ ጀምሮ ሻክሮ ሻክሮ አሁን ወረቀት ሲቀደድ ይመስል ነበር። ሰኞ ሆስፒታል ይገባሉ፤ ሐኪሙ ማንቁርታቸውን ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ የሚባል ነገር አይኖራቸውም። ስለዚህ ጉዳይ እቤት ውስጥ ብዙ አልተወራም። ኢኒድ አዲስ ፒጃማ ገዛችላቸው፤ እሳቸውም አካፋቸውንና መቀሳቸውን ዘይት ቀብተው ጓሮ ባለው የዕቃ ቤት ውስጥ ሰቀሉ።

የፊቱ ክፍል እንደ ሌሎቹ የእንግሊዟ ብራድፎርድ ቤቶች ሁሉ ለገና፣ ለሰባኪው ጉብኝትና አስከሬን ለማሳደር ካልሆነ አይከፈትም። ሚስታቸው ኔሊ ከሁለት ክረምት በፊት ከመቀበሯ በፊት እዚያ አድራለች። ሳሎን ተብሎ ማንም አይቀመጥበትም፤ ፒያኖው፣ ሸክላ የሚያጫውተው ሬዲዮግራምና ጠንካራዎቹ ወንበሮች በሰም ሽታ ውስጥ እንግዳ እየጠበቁ ይኖራሉ። መጋረጃዎቹ አዲስ ናቸው። የድሮዎቹን፣ ብርቱካናማ አበባ የነበረባቸውን፣ ኢኒድ አምና ቆርጣ ለወንድሟ ለሮላንድ ባንድ ሸሚዝ ሰፍታባቸዋለች፤ የባንዱ ልጆች ያን ለብሰው ጋዜጣ ላይ ሲወጡ የሰፈሩ ሴቶች መጋረጃውን አውቀውት በሱቅ ተራ ላይ ሲስቁባት ከርመዋል።

ሮላንድ ሸክላውን ከነጭ ካርቶኑ አወጣው። ለሽያጭ ያልተዘጋጀ፣ ለሙከራ ብቻ የታተመ ስለነበረ ስምም ሥዕልም የለበትም። ባንዱ ቀድሞ ጥቁር ሱፍ ለብሶ በሠራተኞች ክበብ የሰው ዘፈን የሚጫወት፣ ሰዎች ቢራቸውን እየጠጡ የማይሰሙት ባንድ ነበር። ከዚያ ፀጉራቸውን አሳደጉ፤ ኦርጋን ገዙ፤ ስማቸውንም "የመስታወት አትክልተኛ" አሉት። ዘፈኖቻቸው ስለ ቀንድ አውጣ ንጉሥና ዳቦ ስለሚበላ ሰዓት ሆኑ። ለንደን ውስጥ ባለ ቀለም ዘይት በመብራት ግድግዳ ላይ እያፈሰሱ የሚያሳዩበት ምድር ቤት ሲጫወቱ አንድ የሸክላ ኩባንያ አገኛቸው። የመጀመሪያዋ ትንሽ ሸክላቸው ጥቂት ሳምንት በሬዲዮ ተሰማች፤ ሁለተኛዋን ማንም አልሰማት። ኦርጋን ተጫዋቹ ወደ አጎቱ የምንጣፍ ሱቅ ተመለሰ። ይህ አሁን የመጣው የመጀመሪያ ትልቅ ሸክላቸው ነው፤ ኩባንያውም ካልተሸጠ ውሉ እንደሚያበቃ ነግሯቸዋል።

ሚስተር አክሮይድ ሁለቱንም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስብከት እንደሚሰሙ ሆነው ተቀመጡ። አርባ ዓመት በሱፍ ማቅለሚያ ፋብሪካ ሠርተዋል፤ ጥፍራቸው ሥር ዛሬም ሰማያዊ አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ምሽት ምሽቱን በጸሎት ቤቱ መዘምራን ውስጥ በወፍራም ድምፅ ሲዘምሩ አሳልፈዋል። የልጃቸው ጊታር እንደ ፉጨት ሲጮኽ፣ የከበሮው ነሐስ ሳህን፣ ሲምባሉ፣ ቴፕ ላይ ወደ ኋላ ተጫውቶ አየር እንደሚስብ ሰው ሲያፏጭ፣ ፊታቸው አልተለወጠም። የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ "ከበሮው ጎበዝ ነው" አሉ። ሸክላው ተገልብጦ ሁለተኛው ገጽ ሲጀመር ወንበራቸውን ወደ ሬዲዮግራሙ ጠጋ አደረጉ፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ዘፈን የሳቸው ነው።

ዘፈኗን ወጣት ሳሉ ለኔሊ ያወጡላት ራሳቸው ናቸው። ፋብሪካው በር ላይ ያለው የድንጋይ ደረጃ በዝናብ ያንሸራትት ነበር፤ ዘፈኗም ከዚያ በላይ ነገር የላትም። "ኔሊ፣ ደረጃው ረጥቧል፣ ክንዴን ያዢ" ትላለች። ድምፃቸው ሳይብስ በመጋቢት፣ ሮላንድ በዚሁ ክፍል ውስጥ አስዘፍኗቸው ነበር። የጸሎት ቤቱ ዲያቆን ሚስተር ሂርስት የእሁዱን ስብከት ለሕመምተኞች የሚቀዱበትን ትልቅ የቴፕ መቅረጫ ይዘው መጡ፤ ሮላንድ ፒያኖውን ነካ ነካ አደረገ፤ ኢኒድ ከላይ ከላይ አጀበች። ከዚያ ሁሉ የድምፅ ጭጋግ በኋላ መጨረሻ ላይ አንድ ተራ ሰው ሲዘፍን ይሰማ ብሎ ያሰበው ሮላንድ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ኢኒድም ያኔ ነግራዋለች።

አሁን ከሸክላው መጀመሪያ የሆነ መንተባተብ መጣ፤ እንደ ወፍ፣ ወይም እንደ ሕፃን። ከዚያ የሰው ድምፅ ሆነ፤ ግን ቃል የለውም። እያንዳንዱ ድምፅ ከምንም ተነሥቶ ያብጥ ያብጥና በድንገት ይቆረጣል። ፒያኖውም እንዲሁ፤ ከመመታቱ በፊት የሚያስተጋባ ይመስላል። ኢኒድ ወንድሟን አየችው። ሮላንድ ክፍሉ መሐል ቆሞ ባዶውን ካርቶን ይዞ ነበር፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ዘፈኑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተቀድቷል። ማንም ሳይንቀሳቀስ እስኪያልቅ ሰሙት።

"ይሄ እኔ ነኝ?" አሉ ሚስተር አክሮይድ።

"አንተ ነህ፣ አባዬ።"

"እህ።" ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ። "ደህና ነው። እኔም ዘመናዊ ሆንኩ ማለት ነው።"

ሰደርያቸውን ሳያወልቁ በጓሮ በር ወጡ። በመስኮቱ ሲታዩ ከሰላጣው መደብ አጠገብ ቆመው ሰላጣውን አያዩም ነበር። ሮላንድ በለሆሳስ፣ የለንደኖቹ ተሳስተዋል፣ የተረገሙ ደደቦች፣ አሁኑኑ እደውላለሁ፣ ሳይታተም ያስተካክሉታል አለ። ኮቱን በአንድ እጁ ብቻ አጥልቆ ወደ መንገዱ ጥግ፣ ወደ ስልክ ሳጥኑ ሮጠ።

ለንደን መደወል ሳንቲም ይበላል። ኢኒድ ይህን አስባ ሻይ ቆርቆሮ ውስጥ የነበረውን ዝርዝር ይዛለት ሄደች። የስልክ ሳጥኑ ውስጥ ስለሚሸት ሮላንድ በሩን በእግሩ ከፍቶ ይዞታል፤ ጀርባውን ሰጥቷታል። ለረጅም ጊዜ ያዳምጥ ነበር። ትከሻው እየቀለለ ሲሄድ አየችው። ከዚያ ሳቀ።

"አይ፣ አጋጣሚ አይደለም" አለ። "ሐሳቡ የኔ ነው። አዎ፣ የአባቴን ድምፅ፤ ወደ ኋላ። ከእርጅና ወደ ልጅነት እንደ መመለስ ነው… መጀመሪያ ላይ ያለውን መንተባተብ ነው? እሱማ ሳይታሰብ አልገባም።"

ኢኒድ ሳንቲሙን በመዳፏ ይዛ ቆመች። ሮላንድ ስልኩን ሰቅሎ ዞር ሲል ፊት ለፊት አገኛት፤ ፊቱም ቀላ። መሄድ ጀመሩ፤ ቤታቸውን አልፈው ወደ ላይ፣ ወደ ጸሎት ቤቱ አቅጣጫ። እሱ አፉን ሳይከፍት የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በደስታ መጮኽ እንደጀመረ ነገራት። ኩባንያው ውስጥ ያሉት ሁሉ ያቺን የመጨረሻዋን ዘፈን ነው የወደዱት፤ የሬዲዮው ሰውዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ብሏል፤ ሸክላውንም በሷ ስም ሊጠሩት ነው፤ ሰኞ ፎቶ ለመነሣት ለንደን ይፈልጓቸዋል። ስህተት ነው ብል ምን ይፈጠራል መሰለሽ አላት። ሥራውን አቁመው እስከ መኸር ያሳድሩታል፤ እስከ መኸር ደግሞ እኛን ማንም አያስታውሰንም።

"ሰኞ አባዬ ሆስፒታል ይገባል" አለች ኢኒድ።

"አውቃለሁ።"

"የቀረን የሱ ድምፅ ያ ብቻ ነው፣ ሮላንድ።"

"እሱ ራሱ ምንም አላለም እኮ። ደህና ነው አለ።"

"እና ምን እንዲልህ ፈልገህ ነበር?"

ሮላንድ ረጅም ፀጉሩን ከፊቱ ላይ ገፋ። ቴፑ ሚስተር ሂርስት ጋ ይኖራል፤ ከሱ አዲስ ቀድተን ለአባዬ ብቻ እንሰጠዋለን፤ ሁሉም ይደሰታል አለ። ይህን ሲል በእውነት ያመነበት ይመስል ነበር። ጓደኞቹ መጠጥ ቤት እየጠበቁት ስለሆነ ሄደ። ኢኒድ በኤሌክትሪክ አውቶቡሱ ተሳፈረች።

የሂርስት ቤት ከኮረብታው ማዶ ነው። ሚስትየው ሻይና የአጃ ኬክ አቀረቡላት፤ ስለ ፋብሪካው ጠየቋት፤ ኢኒድ እዚያ ከማሽን የወጣ ጨርቅ በጣቷ እየዳሰሰች የተበጠሰ ክር የምትጠግን ናት፤ ሴትየዋም ድሮ ያንኑ ሥራ ሠርተዋል። ስለ አባቷ ሕመም ግን ሦስቱም ዙሪያውን እየሄዱ መሐሉን አልነኩትም። በመጨረሻ ኢኒድ ስለ ቴፑ ጠየቀች። ሚስተር ሂርስት ፊታቸው በራ። ለንደን ያሉት ቀድተው በሳምንቱ መልሰውልኛል፣ ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ግን አጠቃቀም አያውቁም አሉ። እሳቸው ቴፑን ሲልኩ፣ ለሕመምተኞች እንደሚያደርጉት፣ መጀመሪያው ጫፍ ከላይ እንዲሆን ጠቅልለው ነበር፤ ሕመምተኛው የቴፑን ክር አስገብቶ ማዞሪያውን ብቻ እንዲጫን። ሲመለስ ግን መጨረሻው ከላይ ሆኖ ነው የመጣው። የአጎታቸው ልጅ ለንደን ድምፅ በሚቀዱበት ቦታ ይሠራል፤ እነሱ ልማዳቸው መጨረሻውን ከላይ አድርገው ማስቀመጥ ስለሆነ፣ ቴፕ ሲያነሡ ሁልጊዜ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይጠቀልሉታል ብሎ ነግሯቸዋል።

ኢኒድ ኬኩን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ሁለቱም ወገን በጥንቃቄ ነበር የሠሩት። የለንደኑ ሰውዬ የተጠቀለለውን እንደገና ጠቀለለው፤ ከዘፈኑ መጨረሻ ጫፍም አጫወተው። ሸክላው ደግሞ ሆን ተብሎ ወደ ኋላ በሚሄድ ድምፅ የተሞላ ስለነበረ፣ አንድ ተጨማሪ ቢመጣ ማን ይገረማል?

"አሁን ላዳምጠው እችላለሁ፣ ሚስተር ሂርስት?"

"ምኑን?"

"የአባቴን ዘፈን።"

ሽማግሌው ሚስታቸውን አዩ። ዘፈኑ የለም። ለንደን ቀድተውታል ስላሏቸው፣ ጸሎት ቤቱም ያሉት ቴፖች ጥቂት ስለሆኑ፣ የጰራቅሊጦስን ስብከት በላዩ ላይ ቀድተውበታል። ማዘናቸውን ለማሳየት የሚያደርጉት ሲያጡ መቅረጫውን ከፍተው ምናልባት መጨረሻው ላይ የተረፈ ነገር ቢኖር ብለው ፈለጉ። ሁለቱን መንኮራኩሮች በእጃቸው ይዘው ክሩን ወዲህና ወዲያ ይጎትቱት ነበር። ሰባኪው "ጸጋ" አለ፤ ከዚያ እጃቸው ወደ ኋላ ሲመለስ የማይታወቅ ቋንቋ ተናገረ፤ እንደገና "ጸጋ" አለ። ኢኒድ የሽማግሌውን እጅ አየች። ከዚያ የራሷን አየች። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች፤ ሚስተር ሂርስትም የተቀየመች መስሏቸው እስከ በሩ ድረስ ይቅርታ እየጠየቁ ሸኟት። አልተቀየምኩም አለቻቸው፤ እንዲያውም ጨበጠቻቸው፤ ይህን ግን ስላላብራራች አልገባቸውም።

እቤት ስትደርስ አባቷ ወጥ ቤት ተቀምጠው ዳቦ በወተት አርሰው በትንሽ ማንኪያ ይበሉ ነበር። ቴሌቪዥኑ የፈረስ ውድድር ያሳያል፤ ድምፁን ዘግተውታል። ወደ ፊቱ ክፍል እንዲመጡላት ጠየቀቻቸው። አንዴ ሰማነው እኮ ልጄ አሉ፤ ቢሆንም ተነሡ። በዚህ ጊዜ ክራቫት አላሰሩም።

ሸክላውን ሬዲዮግራሙ ላይ አድርጋ ሞተሩን ሳታስነሣ ድምፁን ብቻ ከፈተች። መርፌውን መሐል፣ ሸክላው ላይ ከተለጠፈው ክብ ወረቀት አጠገብ፣ ዘፈኑ የሚያልቅበት ላይ አሳረፈችው። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ገፋች። ከሬዲዮግራሙ አንድ ላም የጮኸች መሰለ። ፈጠን ስትል ላሟ አይጥ ሆነች። ሚስተር አክሮይድ ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ሄደና ረጅም ጊዜ ቆየ። ኢኒድ መርፌውን መልሳ ጠበቀች። እንደገና ሞከረች፤ በዚህ ጊዜ "ኔ" የሚል ነገር ወጣ።

አባቷ ሳላቸውን ዋጡ። ሳይነገራቸው ገባቸው። ወንበራቸውን ሳቡና፣ የመዘምራኑ መሪ በሌለ ጊዜ እንደሚያደርጉት፣ ቀኝ እጃቸውን ከደረታቸው ፊት አነሡ። እጃቸውን ወደ ታች ሲያደርጉ ኢኒድ ገፋች። ቀስ፣ በጣታቸው አሏት። ቀስ። እንዲሁ። ሸክላው ዞረ፤ በመጋቢት የነበረው ጉሮሯቸውም ከሣጥኑ ውስጥ ወጣ። "ኔሊ፣ ደረጃው ረጥቧል።" ድምፁ ይወላወል ነበር፤ ጣቷ ሲቸኩል ይቀጥናል፣ ሲደክም ይሰምጣል፤ የሚዘፍኑት ራሳቸው በሚያንሸራትት ደረጃ ላይ እየወረዱ ይመስል። ግን ቃሉ ሁሉ ነበር። ኢኒድ ዓይኗን ከአባቷ እጅ ላይ አላነሣችም። ጣቷ ሥር የሸክላውን ጫና እንደ ጨርቅ ክር ታውቀው ጀመር። የሳቸው ከንፈር ያለ ድምፅ አብሮ ይሄድ ነበር።

ሮላንድ የጓሮውን በር ከፍቶ ሲገባ አልሰሙትም። ለሦስቱም ዓሣና የተጠበሰ ድንች በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል፤ የሆምጣጤው ሽታ ከሱ ቀድሞ ክፍሉ ውስጥ ገባ። "መርፌው ይሰበራ…" ብሎ ጀመረና ተወው። በሩ ላይ ቆመ። ዘፈኑ ወደ መጨረሻው ደረሰ፤ ፒያኖው ተመታና ሰፍቶ ጠፋ። የሚስተር አክሮይድ እጅ ወረደ፤ የኢኒድ ጣት ግን ገና እየገፋ ነበር። ከሸክላው አንድ ሳል መጣ። ከዚያ የአባቷ ድምፅ፣ ሳይዘፍን፣ "ይኸው ነው? ወጣ?" አለ። በሸክላው ውስጥ ኢኒድ ከሩቅ ስትስቅ ተሰማ። ቀጥሎ ደግሞ የሮላንድ ድምፅ መጣ፤ ከሦስት ወር በፊት የነበረው፣ ቀልጠፍ ያለ፣ የሰፈር ልጅ ድምፅ፦ "ወጥቷል አባዬ። በጣም ጥሩ ነው።"

ለንደን ያሉት የወደዱት ያ መንተባተብ ይህ ነበር። መርፌው ወደ ባንዱ ጩኸት ሲሻገር ኢኒድ አነሣችው።

"አንተ ትመስላለህ" አሉ ሚስተር አክሮይድ ወደ በሩ ሳይዞሩ።

"እኔ ነኝ" አለ ሮላንድ።

 ጋዜጣው ውስጥ ያለው ዘይት በሮላንድ ጣቶች ላይ ይወርድ ነበር። ከዚያ ለንደን ስህተት መሆኑን እንዳልነገራቸው፣ ሐሳቡ የኔ ነው እንዳላቸው፣ ወለሉን እያየ ነገራቸው። ሰኞ ጠዋት ደውዬ ላስተካክለው እችላለሁ አለ፤ ከዚያ ባንዱ ያበቃለታል፤ ግን እችላለሁ። ኢኒድ አባቷን አየች። ሚስተር አክሮይድ አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡ። መናገር ያማቸዋል፤ ስለዚህ ሲናገሩ የሚፈልጉትን ብቻ ነው የሚናገሩት።

"ተዋቸው" አሉ። "እነሱ በዚያ በኩል ይስሙት። እኛ በዚህ በኩል እናውቀዋለን።" ትንሽ ቆይተው ጨመሩ፦ "ያንተዎቹንም እንዲሁ ብታዞራቸው ዘፈን ሳይወጣቸው አይቀርም።"

ኢኒድ ሳቀች። ሮላንድም ለመሳቅ ሞከረ።

"ሰኞ ከናንተ ጋር ነኝ" አለ። "ፎቶውን ያለኔ ይነሡ።"

አባቱ ወደ ሸክላው ጠቆሙ። "ድገሚልኝ" አሏት ኢኒድን። እሷ ግን ክንዷ ደንዝዞ ነበር፤ ትንሽ ልረፍ አለች። ሮላንድ ምሳውን ከጋዜጣው ጋር፣ በዕድሜው ምንም ነገር ተቀምጦበት አይቶ በማያውቀው ፒያኖ ላይ አስቀመጠው። ጣቱን ከዘይቱ በሱሪው አጸዳ፤ እህቱ በነበረችበት ቦታ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፤ መርፌውን መሐል ላይ መለሰው።

ሚስተር አክሮይድ እጃቸውን አነሡ።

"አትሩጥ" አሉት። "ሁልጊዜ ትሮጣለህ።"